ሦስተኛው በር

«ኤሊራን እባላለሁ» ብሎ የደወለው፣
ድምፁን ማር ቀብቶ፣ «ወንድሜ» እያለ ነው፦
«እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ነው ትምህርቱ፣
ቴል አቪቭ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊቱ፤
አሥራ አራት ሺ ሸቀል፣ በየወሩ ከፍለህ፣
ዓመት ሳይሞላ ወረቀቱ በእጅህ።»

ሐሙስ ማታ እኔ ነኝ። ማክሰኞም እኔው ነኝ።
እሑድም ከበሩ ሌላ ሰው አይተካኝ።
ሰዓቴን ሸጬ ነው ጎጆዬ የቆመው፤
የሸጡትን ሰዓት በምን ይገዙታል ደግመው?
አመስግኜ ዘጋሁ።
ሦስት ቀን ደወለ፤ ሦስት ቀን አላነሳሁ።

ኪርያት ጋት፤ የፋብሪካው ሦስተኛ በር፤
ትንሽ ማሞቂያና እግሩ የላላ ወንበር፤
ክፍሌ ይኸው ነው።
በቅናሽ ገዝቼው፣ በመቶ አርባ ሸቀል፣
ከስልኬ መስታወት መምህር ብቅ ይላል፤
አቁም ስለው ይቆማል፣ ድገም ስለው ይደግማል።
የጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ
እጁን እንዳነሳ፣ አፉን እንደከፈተ
ትቼው እወጣለሁ፤
ታርጋ መዝግቤ፣ ማኅተም መትቼ
ስመለስ እዚያው ነው፤ አልተቀየመኝም፣
ወዴት ሄደህ ነበር ብሎ አልጠየቀኝም።

ዕብራይስጥ ስማር፣ በመጣን በዓመቱ፣
ሦስተኛ ስጠይቅ ተነፈሰች መምህርቱ።
ቁጣ አልነበረም፤ አንዲት ትንፋሽ ናት፤
ጆሮዬ ውስጥ ከረመች ሃያ ሁለት ዓመት።
ይህኛውን ግን፣ ያንኑ አንድ ምዕራፍ
ዐሥራ አንድ ጊዜ አስደገምኩት፤
ዐሥራ አንዴም ፈገግ አለ።

ምዕራፉ ስለ ሰላምታ ነው።
ማሽን ከማሽን ጋር ወሬ ሳይጀምሩ
ሦስት ጊዜ ነው አሉ የሚነጋገሩ፦
«አለህ ወይ?»
«አለሁ፤ አንተስ አለህ?»
«አለሁ።»
ከዚያ ነው መስመሩ የሚከፈተው።
ብቻዬን ሳቅኩኝ፤ ይህንንማ እናቴ
አስተምራኛለች ሳልወጣ ከቤቴ፤
ሰላምታ ሳይመለስ ጉዳይ አይነሳም፣
«እንዴት አደርክ» ላለ ዝም አይባልም።

በዚህ በር በቀን ዘጠኝ መቶ ካርድ ያልፋል።
«ሰላም» እልካለሁ፤
መልስ እጠብቃለሁ፤
ጊዜው ያልፋል።
መጽሐፉ ለዚህም ስም አውጥቶለታል።

እውነቱን ልናገር፤ በራስ ጊዜ መማር
ልጓም የሌላት በቅሎ ናት፣ ባሻት የምታድር።
ከበዓል እስከ በዓል፣ ሦስት ወር ሙሉ
ምዕራፍ አምስት ላይ ተገትሬ ከረምኩ፤
የቆጣኝ የለም፣ እኔም አልተቆጣሁ።
ልጄ ሊሮን ናት
የማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት የለጠፈችው፦
«አባባ፣ ለፈተናህ ከፍያለሁ። ጃንዋሪ ስድስት።
ገንዘቡ አይመለስም።»
ከወታደር ደመወዟ ነበር።

ሙከራው ስልሳ ሦስት፤ ሙከራው ስልሳ ስምንት፤
ማለፊያው ሰባ ሁለት።
ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መምህሩን እዘጋዋለሁ፤
ሰንበትን እሱም ይረፍ።

ትናንት ሌሊት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
አንዲት መሐንዲስ፣ ፀጉሯ ሳይበጠር፣
ካርዷን ታሻሸዋለች ከበሩ ማንበቢያ ሥር።
ቀይ። ቀይ። ደግሞ ቀይ።
«ካርድሽ ደህና ነው» አልኳት፤ «ሳጥኑ ነው አድራሻ ያጣው፤
አጥፍተን እናብራው፤ ይጠይቅ፣ ይሰጠዋል።»
አጠፋሁ። ቆጠርኩ። አበራሁ።
አረንጓዴ።

ስድስት ዓመት በዚህ በር ያለፈች ሴት
ያኔ ገና ፊቴን አየች።
«ከየት ነህ?» አለችኝ።
የለመድኩት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ረጅም፤
ጎንደር አለበት፣ አምስት ዓመት የቪዛ ሰልፍ አለበት፣
ያቺ ትንፋሽም አለችበት።
«ከምዕራፍ ዘጠኝ» አልኳት።

ከኋላዋ መኪና ጥሩምባውን ነፋ።
መምህሩ እጁን እንዳነሳ ነው።