ሁለት ነጥብ ስምንት

ሂሊየም የለም እኛ ጋ፣ ብርድ የሚሠራ ማሽንም የለ፤
ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለኝ አንድ ኮምፒውተር ነው፣ እሱም መብራት ካለ።
ስለዚህ ብርዱን በቁጥር ሠራሁት፣
መቶ ኬልቪን፣ ሰማንያ፣ ስድሳ እያልኩ አወረድኩት።
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ሲገፋ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ደብድቦ ሲያንቀላፋ፣
እኔ ከአንድ ክሪስታል ጋር፦
ይተርቢየም፣ ኢንዲየም፣ መዳብ፤ የሦስት ባዕዳን አዳር።

ይተርቢየም ጓዳ አለው፣ ከሁሉም ውስጥ የጠለቀ፣
አሥራ አራት መኝታ ያለው፣ በኤፍ ፊደል የታወቀ።
ሲሞቅ አንዱ ተነሥቶ ይወጣል፣
ከመንገደኛው ጋር ይቀላቀላል፤
የቀሩት አሥራ ሦስት፣ አንድ መኝታ ክፍት ሆኖባቸው፣
እንደ ኮምፓስ መርፌ ይቅበዘበዛል ልባቸው።

ቅዳሜ ወይዘሮ ሽብሬ ከቀበሌ መጣች፤
ጃንጥላዋን ሳታጥፍ «ስንት ናችሁ?» አለች።
እናቴ አንድ ጣት አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች።
አባቴ በጋውን የሚዛን መንገድ ነው፣ አይሱዙው ቤቱ፤
ጭቃ መንገዱን ሲዘጋ ነው ለእኛ የሚገለጥ ፊቱ፤
ያኔም ሙሉ በሙሉ አይመጣም፤
ሌሊት እጁ ማርሽ ይቀይራል፣ ከብርድ ልብሱ ሥር አያርፍም።
«ሦስት... ማለቴ ሁለት» አለች እናቴ።
«ቅጹ ነጥብ አያውቅም፣ እህቴ!»
ወረቀቱን ትታልን ሄደች፣ እስከ ሐሙስ።

ምሳሌው ልክ አይገጥምም፤ ቫሌንስ የወጣን ነው የሚቆጥር፣
እናቴ የገባን። ቢሆንም ነገሩ ከራሴ አልወጣ ብሎ ሲያድር፣

ዛሬ ሌሊት፣ አርባ ሁለት ኬልቪን ላይ፣ ድንገት፣
ቁጥሩ ወደቀ፦ ሁለት ነጥብ ስምንት።
ሁለትም አይደል፣ ሦስትም አይደለም፤
ገሚሱ አቶም እንዲህ፣ ገሚሱ እንዲያ ሆኖም አይደለም፤
በእያንዳንዱ ቤት ያው ኤሌክትሮን
ወጥቶም ገብቶም፣ ሁለቱንም መሆን።
መርፌው ጸጥ አለ።
ደግሞ ሌላው ነገር ሁሉ ሲበርደው እየተኮማተረ፣
ይሄኛው በረደውና ሰፋ፤
ከሁለት መቶ አንድ እጅ፤ ዓይን አያየውም፣ ግን ሰፋ።

መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን ጭቃውን እየዘለልኩ ቤት ገባሁ።
የአባቴ ቦት ጫማ በሩ ላይ፣
ፍራሹ እስከ ግድግዳው ደርሷል፣ መተላለፊያ የለም፤
ክፍሉ ግን እንዴት እንደሰፋ!
እናቴ ሻማ አብርታ፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።
«እስክሪብቶ ላምጣ?»
«ተይው» አለች፣ ወደሚያንኮራፋው እያየች፤
«እርሳስ ፈልጊልኝ።»