ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

ማረን ትባላለች፤ መረብ ትጠግናለች።
ከኪል ወደብ ማዶ፣ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ፣
አንድ ዓይኗ ክሩ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ብረት ላይ፣
ገመድ ትቋጥራለች፣
ብረት ትቆጥራለች።

አይቻት አላውቅም። እኔ ያለሁት ለንደን፣
ከምድር በታች ነው፤ ሦስተኛው የጦር ብርድ፣
መብራት ከጠዋቱ እስከ ማታ ሲነድ፣
ጣቴ ቀለም ጠጥቶ፣ እግሬ ደንዝዞ እንደ ግንድ።

ደብዳቤዋ ግን ይደርሳል፤ በዴንማርክ ዞሮ፣
ከጨው ዓሣ በርሜል ከሥሩ ተቀብሮ።
«አክስቴ ደኅና ናት» ይላል፣ «ቀሚሷ ረዝሟል፤
ሰፊው ከወገቧ አንድ ስንዝር ጨምሯል፤
ስምንት ቁልፍ ሊተከል ከደረቷ ታስቧል።»

አክስት የላትም እሷ። እኔ ሰሙን ፍቄ
ወርቁን አወጣለሁ፤
የዚህ ቅኔ ወርቁ ብረት ነው።
ስንዝሩ ሃያ ክንድ፣ ቁልፉ መድፍ ነው፤
ሰፊዎቹ በመዶሻ የሚሰፉ ናቸው።

ስለ ዋጋዋ አንዴ ስኳር ጠየቀችን፣
አንዴ ደግሞ መርፌ።
ሒሳብ ክፍል «ደረሰኝ የታለ?» አለ።

በቀይ መዝገቤ ላይ «ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ» ብዬ እጽፋለሁ፣
ርዝመት፣ ወርድ፣ መድፍ፣ ዓምድ በዓምድ እሞላለሁ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ካፒቴን ብሌክሎክ ይመጣል፣
ዝናቡን ከኮቱ ደጃፍ ላይ ያራግፋል፣
«አደገች ወይ?» ይላል፣
እንደ ክርስትና ልጁ።

በሚያዝያ ሌላ ቃል፤
«አክስቴ ታማለች። ሰፊዎቹ ሄዱ።
ቁልፎቿን ቆራርጠው ለሕፃናት ሰደዱ።
ኮፍያዋ ላይ ወፍ ጎጆዋን ሠርታለች፤
እሽ የሚላት የለም።»

ፈታሁት፤ ጻፍኩት፤ «ሥራው ተቋርጧል።
ብረቱ ተነቅሎ ለባሕር ሰርጓጅ ሄዷል።
መርከቧ ዝጋለች፤
አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የባሕር ወፍ ሰፍራለች።»

ካፒቴኑ አነበበው፤ እርሳሱን ቀረጸና
«ማታለያ» ብሎ ከዳር ጻፈበት።
ስታድግ አምነዋት፣ ስትዝግ ተጠራጠሯት።
«በነበረው ፍጥነት ማደጓን አስቢ» አለኝ፣
ጓንቱን እያጠለቀ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ
አሥራ ዘጠኝን የምሠራት እኔ ነኝ።
ቀለሜ እስኪነጥፍ ብረት አነጥፋለሁ፣
በየወሩ አማካይ ቁመት እሰጣታለሁ፤
ሐምሌ ላይ ጭስ ማውጫ፣ መስከረም ላይ መድፏን፤
በጥቅምት ጨረስኳት፤
ውሃ ያልነካት፣
ከመሳቢያዬ ውስጥ መልሕቋን የጣለች።

ለእሷ መልስ እንዲሆን
ስኮትላንድ፣ ክላይድ ወንዝ ዳር፣ ሌላ ይሠራል፤
ርዝመቱ እንደ እሷ፣ በአንድ መድፍ ይበልጣል።
ወንድሜ ዱጋልድ እዚያ ሚስማር ይመታል።
«ጀርመኖች» ይለኛል፣ «አንዲት ጭራቅ ወልደዋል አሉ፤
እኛ ደግሞ ይኸው ባል እየሠራንላት ነው።»
እኔ ምን ልበለው?
ምላሴን ያሸግሁት በመሐላ ነው።
«ሹራብ ልኬልሃለሁ» ብዬ መለስኩለት።

በጥር፣ በውርጩ ቀን፣ ከላይኛው ርብራብ —

እናቴ ጻፈችልኝ። ሁለት መስመር ብቻ።
ሦስቴ አነበብኩት፤ እንደ ልማዴ
ሰሙን ልፍቅ ብዬ በጥፍሬ ጫርኩት።
ሰም የለውም።

በማግሥቱ ገባሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።
የአሥራ ዘጠኝን መዝገብ ከፈትኩ፣ ዘጋሁት።
ማንንም ያልተኮሰች፣
ከወረቀት ያልወጣች፣
እንዴት ከክላይድ ድረስ እጇ ረዘመ?

ሚያዝያ ሲመለስ ማረን ላከችልኝ፤
«ወፏ መጥታለች። ሦስት እንቁላል አላት።»
ለእንቁላል ዓምድ የለኝም፤ ርዝመት አይደል፣ ወርድ አይደል።
በእርሳስ፣ ከዳሩ ላይ፣ «ሦስት» ብዬ ጻፍኩት።

ማክሰኞ ካፒቴኑ መነጽሩን ጠረገ።
«ሦስት ምን?» አለኝ። «መድፍ?»

«ገና ናቸው» አልኩት።

ጻፈው።