ሰባት ደቂቃ

ቬንትሌተር ይዞራል፣ አዳራሹ ሞልቷል፣
ደቻቱ ስላይድ ላይ ሰማያዊ ሆኗል።
ቀይ ነጥቧን አብርታ ዶክተር ኢክራም አለች፣
«ድልድዩ እዚህ ቢቆም...» መነጽሯን አነሳች፣
«ከከዚራ መጋላ ለሚሻገር ሰው
ሰባት ደቂቃ ነው ከጉዞው የምንቀንሰው።»

ከኋላ ወንበር ላይ አንድ እጅ ብቅ አለ፤
ሮብሌ፣ ባቡር ላይ ሠላሳ ዓመት ፍሬን ይዞ የዋለ።

«ልጄ፣ ሰማያዊው የት አለ? አሸዋ ነው፣
ዓመቱን ሙሉ ገበያተኛ በእግሩ የሚያቋርጠው።
ጭንቁ ውሃው ሲመጣ ነው፤ በሌሊት፣ ከደጋ፣
ሰው በተኛበት፣ ሳይነጋ።
ባቡር እንኳ ፊሽካ ነበረው፤
ይሄ ግን ምንም የለው።
ሰባቱ ደቂቃ ለናንተ ይሁን፣
ለኔ አንድ ፊሽካ...»

«ጊዜ አልቋል» አለ ሰብሳቢው።

ኢክራም ግን ከወጪው ዝርዝር ግርጌ፣ በእርሳስ፣
«ፊሽካ» ብላ ጻፈች።
የዋጋው ሳጥን ጋ ስትደርስ
ቆመች።