የሚመጣ አለ

አዲሱ አስፋልት ተራራውን በስቶ ካለፈ ወዲህ፣
ማንም አይመጣ ወዲህ።
ጎማ የሄደበት ሣር አብቅሏል፤
የኩርባው መስታወት ሻግቷል፤
«ክላክስ ያድርጉ» የሚለው ቆርቆሮ
ዝጎ ተጣሟል ዘንድሮ።

እኔ ግን እዚህ ነው እጄን የፈታሁት።
በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ረዳት ሆኜ፣ ስንቱን ሌሊት ያነጋሁት
ከዩንጋስ ቆላ ላ ፓዝ ስንወጣ፣
በብርቱካን ጆንያ ላይ ተንጋልዬ፤
«ምን ቀረን?» ሲለኝ ሾፌሩ፣ «አንድ ስንዝር» ብዬ፣
የኋላ ጎማ የገደሉን ጫፍ ሲረግጥ፣
ልቤ ይሁን፣ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ
ስጠነቀቅ።

ዛሬ ልጄን ዋራን አስከትዬ መጣሁ።
ሦስት ጊዜ ቆምን፤ ሦስት ጊዜ ለትውከቷ ላስቲክ አወጣሁ።
«ፏፏቴው ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።
«ስም የለውም» ስላት አላመነችኝ።
እኛ ሾፌሮች የምንለው «መታጠቢያው» ነው፤
መኪናን ከጭቃ፣ ሰውን ከእንቅልፍ፣ ሁሉን በነፃ የሚያጥበው።
ከየት እንደሚነሳ ያየ የለም፤ ደመና ነው ጣራው።
ሌላው ፏፏቴ ጫካ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ይሄኛው መንገድ ላይ ነው ሥራው።
የጭነቱን ሸራ ይደበድባል፣ መስታወቱን ያሳውራል፣
ለአንድ እስትንፋስ ያህል ዓለምን ነጭ አድርጎ፣ መልሶ ይፈጥራል።

ከርሱ ወዲያ፣ ኩርባው ላይ፣ ዶኛ ሴቬሪና ቆማለች፤
ድቡልቡል ባርኔጣዋን በላስቲክ ሸፍናለች።
በአንድ እጇ ቀይ ክዳን፣ በአንድ እጇ አረንጓዴ፤
ሳንቲም ከመስኮት መወርወር ነበር የኔ ልማዴ።
መንግሥት አልቀጠራት፤ ደመወዝ የላት፣ የላት ጡረታ።
ባሏ ፌሊሲያኖ፣ ጉም መንገዱን በዋጠው ማታ፣
«ቁም!» የሚለው አጥቶ ቁልቁል ወረደ፤
ገደሉ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ወሰደው፣ ዘፈኑን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ።
በሳልስቱ፣ ሁለት የድስት ክዳን ቀለም ቀብታ፣
እርሱ በጎደለበት ተገኘች ተተክታ።

እኛን ስታይ ቀዩን አነሳች።
«የሚመጣ አለ፣» አለች።
ሞተር አጠፋሁ። ጠበቅን።
አምስት ደቂቃ። አሥር።
ከማዶ መብራት የለ፣ ክላክስም የለም፤
ውሃው ብቻ ይናገራል፤ ዝም ብሏል ዓለም።
«አሮጊቷ ጃጅታለች» አልኩ በሆዴ፤
አዲስ መንገድ መከፈቱን አልነገሯትም እንዴ?

ዋራ ግን በሩን ከፍታ ወርዳ፣
ጫማዋን በጫማዋ ገፍታ አውልቃ፣ ውሃው ሥር ሄዳ፣
አፏን ከፈተች። ጠጣች። ትን አላት። ሳቀች።
ከጠዋት የገረጣው ፊቷ ቀላ፤ ጮኸች፤ በገዛ ድምፅዋ ተደነቀች።

እኔም ወረድኩ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሳልፍ፣
መስኮት ዘግቼ ነው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሲንሰፈሰፍ።
እርጥቡን ድንጋይ አንድ ቀን አልነካሁ፤
ቅዝቃዜውን በመዳፌ ዛሬ ገና ለካሁ።
ትከሻዬን መታኝ፣ ግንባሬን፣ አንገቴን፤
እንደ ጥንት ወዳጅ ቆጠረብኝ መጥፋቴን።

ስመለስ፣ ዶኛ ሴቬሪና ቀዩን ዝቅ አድርጋ፣
ከቀሚሶቿ መሐል ብርቱካን ፈልጋ፣
ለልጄ ትልጣለች።
«እማማ፣ መጪው መኪና የታል?»
ልጣጩን ገደል ወረወረች። «መኪና መቼ አልኩ? ውሃው መጥቷል።
ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ፣ ዛሬም ይመጣል፤
እንግዳ ሲመጣ ቆሞ መቀበል ማንን ይጎዳል?»

አረንጓዴውን ለማንሳት ግን አልቸኮለችም።
ሳንቲሙን በእጇ ሰጠኋት፤ አልወረወርኩም።

ተነሳን። በጎን መስታወት ሳያት፣
ቀዩን ክዳን ወደ ባዶው መንገድ አንስታለች።
ዋራ፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ብርቱካን እያላመጠች፣
«አባ፣ አሁን ማንን ነው የምታስቆመው?» አለች።

ኩርባው ጋረዳት።
ክላክስ አደረግኩ፣ እንደ ድሮው፣ ረጅም፤
የሚመጣ ባይኖርም።