የመብራቱ ማጥፊያ

በዱሉዝ ከተማ፣ ከሐይቁ ወደ ላይ፣
ዳገቱ በረዶ ለብሶ የሚታይ፣
አንድ ቤት አለ፣ ግንቡ ቀይ ሸክላ፣
ሰው የሚቆይበት፣ የማይኖርበት፣ እስኪገኝ ሌላ።

ክፍል አሥራ አራት፣ ከደረጃው ጥግ፣
ዴልማር ኮስኪ አደረ አሥራ ዘጠኝ ወር በሕግ፦
ከምሽቱ አራት ሰዓት በሩ ይቆለፋል፣
እንግዳ አይገባም፣ ምስማር አይመታም፣
የኮሪደሩ መብራት ሌሊቱን ይበራል።

ድሮ በማዕድን መርከብ ገመድ ሳቢ ነበር፤
ከዚያ ጀርባው ታመመ፣ ከዚያ ሚስቱ ሄደች፣
ከዚያ መኪናው ቤቱ ሆነች፣
ከዚያ እሷም ተጎተተች።

እኔ የወረቀት ሰው ነኝ። ሥራዬ ፎርም ነው፤
የልደት ምስክር ወረቀት የጠፋበትን ሰው
መወለዱን ማስረዳት፣
«ቋሚ አድራሻ» በሚለው ላይ ሰረዝ ማስመር፣ ደጋግሞ፣
እስክሪብቶው እስኪነጥፍ፣ እጄም እስኪዝል ታሞ።

የኪራይ ድጎማው ሲፈቀድ ስልሳ ቀን ሰጡን፤
ቤት ካልተገኘ ወረቀቱ ይሞታል አሉን።
ከገቢው ሢሶውን እሱ፣ ቀሪውን መንግሥት ሊከፍል፤
ሒሳቡ ቀላል ነበር። የጠፋው «እሺ» የሚል።

አርባ አንድ ቦታ ደወልኩ። «ተከራይቷል።» «ድጎማ አንቀበልም።»
«ሥራ አለው?» የለውም። «ዋስ አለው?» የለውም።
«ታዲያ ምን አለው?» አለኝ አንዱ፣ ሳይሰድበኝ፣ በቅንነት።
ማስታወሻዬን አየሁ፦
አንድ ሻንጣ፣ አንድ ኮት።

በሃምሳ ሦስተኛው ቀን፣ ወይዘሮ ሉንድግሬን የምትባል ባልቴት
ወረቀቱን ትታ መዳፉን አየች፣ የገመድ ጠባሳ ያለበት።
«ባሌም መርከበኛ ነበር» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣
«ራዲያተሩ ያንኳኳል፤ ትችለዋለህ?» አለችው፣ ሳትስቅ።
«ሰው ከሚያንኳኳብኝ ይሻላል» አላት።
እስክሪብቶ ሰጠችው።

ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ጠረጴዛ ጫንን፣
ክዳኑ የሌላ የሆነ ድስት፣ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር።
ሳህን ሁለት ያዝኩ።
«አንድ ይበቃኛል» አለ።
መልስ ሳልሰጥ ሁለቱንም ከመደርደሪያው አኖርኩ።

ቁልፉን ስሰጠው ተቀበለኝና
ከበሩ ውጪ ቆመ።
«ግባ እንጂ፣ ዴልማር።»
ጫማውን አየ፣ በረዶውን አራገፈ፣ ደግሞ አራገፈ፣
ከዚያ የገዛ በሩን አንኳኳ።
ሦስቴ።

ውስጥ ማንም የለም። እኔም ምን እንደምል ጨነቀኝ።
ከወደ ሳሎን ግን፣ ቧንቧው ሞቆ፣
ራዲያተሩ መለሰለት፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።
ሳቀ። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።
ገባ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ።
«ተኝተሻል?»
«አይ» አልኩ፣ በእንቅልፍ ድምፅ።
«መብራቱን ላጥፋው?»
«የቱን?»
«የኮሪደሩን።»

አልጋዬ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ።
ከዚያ ቤት በፊት የመንገድ መብራት፣
ከዚያም በፊት የሆስፒታል፣
ፊቱ ላይ የሚበራ የፖሊስ ባትሪ፣
የነዳጅ ማደያው ሰማያዊ ታፔላ።
ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ነበር የሚያበራለት፣ ሌላ።
ቤት የሌለው ሰው ለካ ጨለማም የለው።
«ማጥፊያው ያንተ ነው» አልኩት።

ቀጭ።
ትንፋሹን ሰማሁ።
ቀጭ፤ መልሶ አበራው።
«ይሠራ እንደሆነ ብዬ ነው» አለ።
ቀጭ።

በማግስቱ ክፍል አሥራ አራት አንሶላው ተቀየረ፤
ከአውቶቡስ ጣቢያው አንዲት ሴት መጣች፣ ስሟ ቬርና፣
ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች።
አዲስ ፎርም አወጣሁ። ሰረዝ።

በወሩ ዴልማርን ልጎበኝ ዳገቱን ወጣሁ።
የወይዘሮ ሉንድግሬን ደረጃ በረዶው ተጠርጓል፣
አሸዋ ተበትኖበታል፣ ለሷ እግር፣ ቀስ ብሎ ለሚረግጥ።
ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር ተመትቷል፤
ምንም አልተሰቀለበትም።

ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ
ሁለቱም ሳህኖች እርጥብ ነበሩ።
አልጠየቅኩትም።