እንየው

ቢጫዋ መብራት ከበራች ሦስት ሳምንት አለፋት፤
ፕላስተር ቆርጬ በላይዋ ለጠፍኩባት።
ስመኝ አየችና ከጎኔ ተቀምጣ፣
«ትኩሳቱ በረደ ቴርሞሜትሩ ሲታጣ?»
ብላ ሳቀችብኝ።
ነርስ ናት፤ ወግታ ነው የምታሽል።

ከፍኖተ ሰላም ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ
ቪትዟ እያሳለች ጀመርነው መንገድ።
ብርን ተሻገርኩኝ ብር በኪሴ ይዤ፣
ከደሞዝ ቆንጥሬ፣ ከዕቁብ ላይ መዝዤ።
ደምበጫ ላይ ቆምኩኝ ጎማ ለማስነፋት፤
የጎሚስታው ልጅ ግን ሞተሯን ሰማት።
«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ትንፋሿ ያጥራል» አለኝ፤
ልጅ ነው ብዬ ተውኩት፤ ችኮላም ነበረብኝ።

ደብረ ማርቆስ ደረስኩ። ላቀው ከሱቁ ውስጥ
ሦስቱን ደረደረ መስታወቱ ላይ፣ እንድመርጥ።

የመጀመሪያዋ አውራ ጣት ታክላለች፤
ሽቦ የሚባል የላት፣ በስልክ ትናገራለች።
«ብዙ ሰው ወሰዳት» አለ ላቀው ኮርቶ፤
አልጠየቅሁትም ስንቱ እንደመለሳት መጥቶ።

ሁለተኛው ጥቁር፣ የጡብ ግማሽ ያክላል፣
ባትሪ አይጠይቅም፣ ከመኪናው ይጠጣል።
መልኩ አያጓጓም፤ ገመዱ ወፍራም ነው፤
ፍሬንና ኤርባግም ገብቶ ይመረምራል ሲያሻው።

ሦስተኛውን ያወጣው በሐር ጨርቅ ጠርጎ ነው፤
ታብሌት፣ እንደ መስኮት ሰፊ።
ዋጋውን ሲነግረኝ
ሁለት በሬ ከነቀንበሩ በዓይኔ አለፈ።
ደግሞ በየዓመቱ በዶላር ካልገበሩለት
ትናንት የሚያውቀውን ዛሬ ይረሳል አሉት።

እኔ ጋራዥ የለኝ፤ የጓሮ ማንጎ ጥላ፣
አንድ ክሪክ፣ የጎደለ የመፍቻ ሣጥን፣
ለጀርባዬ ሰሌን፤ ምን አለኝ ሌላ?
«ሳልሞክር አልከፍልም» አልኩት።
ላቀው ፊቱን አጠቆረ፤ ቢሆንም ተከተለኝ።

ከመሪው ሥር አጎንብሼ አውራ ጣቷን ሰካሁ፤
ዞረች፣ ዞረች ስልኬ ላይ፤
«መገናኘት አልተቻለም» የሚል አነበብኩ።
ቪትዟ ለጃፓን መንደር ተሠርታ የመጣች ናት፤
ያገሯን ዘዬ ካልሰማች አንደበቷ አይፈታ፣ ምን ቢሏት።
(እኔም ሸገር ስወርድ እንዲሁ ነኝ፤ አልፈርድባትም።)

ጡቡን ሰካሁ። ዝም አለ።
ቆይቶ አምስት ምልክት ተፋ፦
ፒ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሰባት፣ አንድ።
ነዳጁ ሳስቷል፣ ወይም አየሩ በዝቷል ማለት።
«ኦክስጅን ሴንሰር ነው!» ላቀው ተጣደፈ፤
«ኦርጂናል አለኝ» እጁ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

አጎቴ ዲማ ሄዶ ሰባት ዓመት ቅኔ ቆጥሯል።
«ሰሙን ብቻ ሰምቶ ያጨበጨበ፣
ዕዳውን በወርቅ ይከፍላል» ይል ነበር።
ሴንሰሩን አልገዛሁም።
ጡቡን በጋዜጣ አስጠቅልዬ፣
ገመዱ በአንድ በኩል እንደ አይጥ ጭራ ወጥቶ፣ ተመለስኩ።

ማታ፣ ከማንጎው ሥር፣ ሞተሩ እንደበራ፣
ስመኝ የሳሙና ውኃ በስሪንጅ ቀዳች።
ከቧንቧ ወደ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ
እያደረገች ሄደች፤
ድንገት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ።
«ቁስሉ እዚህ ነው» አለች።
ከጥፍር የምታንስ ስንጥቅ።
የደምበጫው ልጅ ያለ ገመድ አንብቧት ነበር።

የስድሳ ብር ጎማ፣ ሁለት ማሰሪያ።
ጡቡ «ይሰረዝ?» አለኝ፤ አዎ አልኩት።
ፕላስተሩን ላጥኩ፤
ከሥሩ ጨለማ፣ ደስ የሚል ጨለማ።

ወሬ ከቪትዝ ይፈጥናል።
እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጎረቤታችን
አሮጌ ዲኤክሱን በአራት ጎረምሳ አስገፍቶ መጣ።
አትንኩት ነው ስሙ፤
እሱ ያልነካው ብሎን ግን እዚያች መኪና ላይ የለም።
ከመሪው ሥር በጉልበቴ ተንበርክኬ ዳሰስኩ፤
መሰኪያ የላትም። ጡቡ ሳይታሰብ
የተወለደች ናት።

«እንየው!» አለ አትንኩት።
ስሜን ይጥራ፣ ሞተሩን ይበል፣ አልገባኝም።
ጡቡን ሰሌኑ ላይ አሳረፍኩና
ኮፈኑን ከፈትኩ።