ሦስት ጊዜ የተከፈተው

ሐሙስ ነው ስብሰባው፤ የአሥራ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው
ሐዋሳ ይመጣል፤ ሁሉም የሚጠብቀው
የእኔን ሠንጠረዥ ነው።
«ጥቅሉ ይታደስ ወይስ ይቅር?» ብለው ሊጠይቁኝ
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ የጆርናል ስም ሰጡኝ።

ሒሳብ ሹሟ እታፈራሁ «ጥቅል» የሚል አይታ
«ጎመን ነው?» አለችኝ፣ ፊርማዋን አቆይታ።
ሳቅን።
ጎመንማ ቢሆን ገልጬ አየው ነበር፣
ትል የበላውን ጥዬ በቀሪው ስከራከር።

ማለዳ አሞራ ገደል ሃመሶ ዓሣ ሲሸጥ
ትልቁን ቆሮሶ ከላይ ነው የሚያስቀምጥ፤
ከሥሩ ጣት የሚያክሉ ስድስት ሰባት ይሰካል፤
«ይህችን ብቻ» ብትለው «ገመዱን ነው!» ይልሃል።
ሃመሶስ ደግ ነው፤
ገምቶ እንደሆን ዓሣው፣ አፍንጫህን አስጠግተህ ታሸተዋለህ፣
ያልተሸጠው ማታ ለአባ ኮዳ ሲጣል ቆመህ ታያለህ።

ያኛው ሻጭ ሩቅ ነው፤ በኢሜይል ነው ፈገግታው፣
«ዋጋውን ለጎረቤት አትንገሩ» ይላል ከውሉ አንዱ ግዴታው።
በየዓመቱ ስድስት ፐርሰንት ማደግ ነው ልማዱ፤
ብር በዶላር ፊት ሲወድቅ ይጠብቃል ገመዱ።

ማታ መብራት ሄዶ መጣ። ቆጠርኩ።
ሺህ ሰባት መቶ አርባው ዓመቱን ሙሉ ዜሮ፦
የበረዶ መንገድ ጥገና፣ የዓሣ ነባሪ አእምሮ…
ማን ይከፍተዋል እዚህ? ቀይ ቀለም ቀባሁት፤
እጄ እየለመደ ሲሄድ ርዕሱን ሳላነብ ሰረዝኩት።

ረድፍ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለት፣ የእጽዋት በሽታ፤ ሦስት ጊዜ።
ዋጋው ለሦስት ሲካፈል ያንዱ ንባብ የወር ደመወዜ።
አንደኛው እኔ ነኝ፣ መስከረም ላይ ስሞክረው መሥራቱን።
ሁለተኛው ከጂማ፣ አራት ሰከንድ ቆይቶ የዘጋ ገጹን።
ሦስተኛው ሌዳሞ።

አስታወስኩት። እንሰት የሚያደርቀውን አጠውልግ የሚያጠናው፤
ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሶ ግማሹ ገርጥቶ የወጣው
ጽሑፍ ላይ ጣቱን ተክሎ «ይሄ'ኮ ጓሯችን ነው» አለኝ፣
«ሁላ።
በላንድክሩዘር መጡ፤ አባዬ ቅጠል ቆርጦ ሰጣቸው፣
የታመመውን ገንድሶ ውስጡን አሳያቸው፣
ቡርሳሜ አብልቶ እስከ አስፋልት ሸኛቸው።
ዋጋ አልጠየቀም።»

ለብቻው እንግዛው ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ቶሎ ደረሰ፤
የአንዱ ዋጋ ለብቻው የጥቅሉን ሲሶ ጎረሰ።
ገመዱን ነው፣ ሃመሶ።

ቀይ አልቀባሁትም። ቢጫም።
«ምክንያት» የሚለው ዓምድ ቁጥር ነው የሚጠብቀው፤
እኔ ስም ጻፍኩበት፣ ከነአባቱ፦
ሌዳሞ ዳንጊሶ።
ሐሙስ ይደምሩት፤
ካወቁበትም ያካፍሉት።